ዘይቤ በኪራይ ቤት

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሁሉ ይዋሻል ማለት ነውር ነው፤ ያጋንናል ማለት ግን ሥርዓተ ትምህርቱም ይፈቅዳል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ርቦኝ ሞትኩ» ይላል። እናቱ ገና ለሁለተኛ ጊዜ እየነገረችው «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ትለዋለች። ቀትር ላይ የወጣ ሰው «ፀሐይዋ አናት ትበሳለች» እያለ ይገባል፤ አናቱን ዳብሶ ቀዳዳ የሚፈልግለት ግን የለም። እንዲህ ሲባባል የኖረ ልጅ ጢሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር አንድ መምህር ሰሌዳ ፊት ይቆምና ያ ሁሉ «ግነት» እንደሚባል ይነግረዋል። ልጁም ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በነጻ ሲጠቀምበት የኖረው ነገር ሁለት ማርክ ያወጣል።

ይህን በቅርብ የማየው የእህቴ ልጅ እኛ ዘንድ ሆና ስለምትማር ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የአማርኛ ፈተና የደረሰ ሰሞን ደብተሯን ይዛ ከበር እስከ መስኮት እየተመላለሰች ትሸመድዳለች፤ ቤታችን ጠባብ ስለሆነች ከበር እስከ መስኮት ማለት ከእኔ እስከ እኔ ማለት ነው። «ተነጻጻሪ፤ ‹እንደ› አለው። ተለዋጭ፤ ‹እንደ› የለውም። ሰውኛ፤ ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ መስጠት። እንቶኔ፤ የሌለን ወይም የማይሰማን እንዳለና እንደሚሰማ አድርጎ ማናገር። ምጸት፤ የልብን በተቃራኒው መናገር። አያዎ…» አያዎ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች።

«ጋሼ፣ አያዎ ‹አይ› ነው ‹አዎ›?»

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም አይሆንም። ምርጫ ነው፤ አንዱን ብቻ ነው የምናከብበው።»

ሽምደዳ ተላላፊ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ በሙሉ ያዘው። መብራት ሲጠፋ ባለቤቴ «መብራት ሄደች» አለች፤ ከጨለማው ውስጥ «ሰውኛ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ምናልባት ማታ ትመጣ ይሆናል» አልኩ እኔ። «እሱም ሰውኛ!» አለ ድምፁ። የአራት ዓመቱ ልጃችን ብርጭቆ ጥሎ ሲሰብር እናቱ ወገቧን ይዛ «ጎሽ የኔ ጀግና! ሌላውንም ጨምርበት እንጂ!» አለችው። «ምጸት!» ተባለ ከበሩ በኩል። ልጁ ግን ምጸትን ገና ስላልተማረ ሌላውንም ጨመረበት።

ታክሲ ውስጥም አላረፍንም። ባዶ ሚኒባስ በር ላይ የተንጠለጠለ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ገብተን ስንቀመጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ግነት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም ጋሼ፤ የሌለውን ሰው እንዳለ አድርጎ እየጠራ ስለሆነ እንቶኔ ነው።» ክርክሩ ሲሞቅ ኋላ ወንበር ላይ የገቡ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ምን ያከራክራችኋል፣ ውሸት ነው!» አሉ። ረዳቱ ከበሩ ዞር ብሎ «ኧረ አባቴ፣ ተስፋ ነው» አላቸው። ለዚህኛው ስም ያለው ደብተር እስካሁን አላጋጠመንም።

እዚህ ላይ ለመጻሕፍቱ ጥብቅና መቆም አለብኝ። የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» (1992) እና የብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» (1999) ለማንም አንባቢ ውለታ የዋሉ ሥራዎች ናቸው። ስሙን ያላወቁትን ነገር ሁለት ጊዜ ማየት ይከብዳል፤ እነዚህ ሰዎች ደግመን እንድናይ አድርገውናል። ጣጣው የሚመጣው መጽሐፉ ወደ ደብተር፣ ደብተሩ ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሲወርድ ነው። ያኔ ዘይቤ ነገር መናገሪያ መሆኑ ይቀርና ነገር መለያ ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ ስሙም አንድ አይደለም። ግነትን «ኩሸት» የሚል መምህር አለ፤ ተነጻጻሪን «አነጻጻሪ» የሚል አለ። ልጅቷ መልሱን እያወቀች የመምህሩን ቃል ስላልጻፈች ማርክ ሲቀነስባት፣ ይህንንም በየትኛው ዘይቤ ልታማርር እንደሚገባት አማከረችኝ። ያለ ዘይቤ አማርሪ አልኳት።

የዘይቤው ምዕራፍ አልቆ ወደ ምጣኔ ሲገባ ደግሞ ጣት መቁጠር ተጀመረ። የአማርኛ ግጥም በቀለም ይለካል። ቀለም ማለት ግን ፊደል ማለት አይደለም፤ ሳድስ አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ተደግፎ ይዋጣል። «ደመወዝ» ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፤ ሲነበብ ደ፣ መ፣ ወዝ ብሎ ሦስት ቀለም ብቻ ይሆናል። (የወር ተቀጣሪ ሁሉ ደመወዝ ላይ አንድ ነገር እንደሚጎድል ከድሮም ያውቃል።) ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚሠራው «የወል ቤት» ይባላል፤ አብዛኛው የምናውቀው ግጥም የሚኖረው እዚያ ነው። አምስት አምስት ሲሆን «ሰንጎ መገን» ነው። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት አድርገው ጻፉና «የፀጋዬ ቤት» ተባለ።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ የገረማት ሌላ ነገር ነው። «ጋሼ፣ እሳቸው በስማቸው ቤት አላቸው ማለት ነው?»

«አላቸው።»

«ሌላው ሁሉ በወል ቤት?»

«በወል ቤት።»

«እኛስ?»

ለዚህ መልስ መስጠት ያለባቸው አከራያችን ናቸው። እትዬ ትምህርት ቤት ገብተው ዘይቤ አልተማሩም፤ ያለ ዘይቤ ግን ተናግረው አያውቁም። «እኔ እናንተን እንደ ተከራይ አይቻችሁ አላውቅም» ካሉ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ ይጨምራል። «ኑሮው እንዴት ነው፣ ደግሞ እኮ ልጆቹ አደጉ» ካሉ፣ የውሃው ሒሳብ በነፍስ ወከፍ ይሆናል። አንድ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን በፍቅር እያዩ «ይሄ ቤት እኮ የናንተው ነው» ሲሉ የሰማ ሁሉ ደስ ሊለው ይችላል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሒሳብ ስሠራ አደርኩ። ልጅቷ ጠዋት ደብተሯን ከፍታ «ምጸት ነው?» አለችኝ። ምጸት ተናጋሪው ሲያሾፍ ነው፤ እትዬ ግን በኪራይ ነገር አሹፈው አያውቁም። ግነትም አይደለም። ደብተሩ ውስጥ ሳጣው ወደ የኔታ ይዣት ሄድኩ።

የኔታ ጎረቤታችን ናቸው። በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ቆይተዋል፤ ኋላ አዲስ አበባ መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። መምህር ሆነው አያውቁም፤ የሰፈሩ ሰው ግን የኔታ ይላቸዋል፣ እሳቸውም ይህን ሹመት አልመለሱም። የእትዬን ንግግር ቃል በቃል እንድንነግራቸው ካደረጉ በኋላ ዐይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት።

«ይሄማ ውስጠ ወይራ ነው» አሉ። «ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ወይራ። ወይራው ማን ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቀው ነገሩ የተነገረለት ሰው ብቻ ነው። አቤት! ሴትዮዋ ያለ ቦታዋ ኪራይ ስትሰበስብ ቀረች።»

ልጅቷ ውስጠ ወይራን ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታወጣ የኔታ እጇን ያዙ። እሳቸው እንደሚሉት ቅኔ ቤት ውስጥ ስም ኋላ ነው የሚመጣው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየተጋፈጠ ለምኖ ይበላል። ግሥ ያወርዳል፣ አገባብ ያጠናል። ከዚያ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ መምህሩ ያርሙታል፣ ካልጣማቸውም ጓደኞቹ ፊት አፍርሰው ይጥሉበታል። ሁሉን ከቻለ «ሙሉ ቤት» ይባላል። ቅኔ ቤቱ ዋሸራም ሆነ ዋድላ ወይም ጎንጅ፣ ስልታቸው ይለያይ እንጂ ሳይቆጥር ሙሉ ቤት የተባለ የለም።

«እኔ መጀመሪያ ሠራሁት» አሉ የኔታ። «ከዚያ ተሰደብኩበት። ስሙን የሰማሁት በመጨረሻ ነው። አንቺስ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ስም ይዘሽ ስንት ግጥም ሠርተሻል?»

«እኛ መሥራት አይጠበቅብንም፤ መለየት ነው።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ፤ የሠራሁት እኔ ይመስል። እውነቷን ግን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አማርኛ ስትማር አንድ ስንኝ ጻፊ ብሏት የሚያውቅ የለም። የቅመም ስም ከኮረሪማ እስከ ጥቁር አዝሙድ ሸምድዳ አንድ ቀን ሽንኩርት ሳታቁላላ የምትመረቅ ወጥ ሠሪ ብትኖር ማን ይቀጥራታል? በሥነ ጽሑፍ ግን እንዲህ ያለው ተማሪ «በጣም ጥሩ» ይሰጠዋል።

ሰምና ወርቅን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ሲሠራ ያየው ግን ስንቱ ነው? የኔታ አንጥረኛ ጎረቤት ስለነበራቸው አይተውታል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ቀዳዳ ይተውለታል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ ያደርገዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይፈስሳል። በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። ሲበርድ ጭቃውን ይሰብራል። «እንግዲህ ልብ በይ» አሉ የኔታ፣ «ሰሙ ካልወጣ ወርቁ አይገባም። ሰሙ ደግሞ ከመነሻው ካልኖረ ወርቁ ቅርጽ የለውም። ለፈተና የምትጽፉት ‹ሰም ላይ ላዩ ትርጉም፣ ወርቅ ድብቁ ትርጉም› የሚለውን ነው። እሳቱንስ ማን ይጽፈዋል?»

እሳቱን ሰሚው ነው የሚያነድደው። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ኅብረተሰብ ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ሲል የሰየመው ነገሩ ቅኔ ቤት ውስጥ ብቻ ታጥሮ የቀረ እንዳልሆነ ስላስተዋለ ነው፤ ምስጋናውም ስድቡም በዚያው መንገድ ሲሄድ አይቷል። ወደ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አጅቦ ይቀበለዋል። የተሞገሰው ሰውዬ ደስ ብሎት ገንዘብ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሲንፈራፈሩ ይመለከትና እሱም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ከደረሰ በኋላ፣ ምናልባትም ጫማውን ሲያወልቅ፣ ድንገት ወርቁ ይገባዋል። አዝማሪው ያኔ ሒሳቡን ዘግቶ ተኝቷል።

የኔታ ጋ መመላለስ ስንጀምር ሌላ በሽታ ተነሣ፤ ከባድ ቃል። የልጅቷ ክፍል «የቃላት ሀብታችሁን አሳዩ» ተብሎ ድርሰት ታዝዞ ነበር። ሀብት አሳዩ የተባለ ሰው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለብሶ መውጣቱ ያለ ነው። «ጠዋት ዝናብ ስለዘነበ አረፈድኩ» ለማለት የጻፈችውን ላቅርበው፦ «በዛሬው ማለዳ የሰማየ ሰማያት ዕንባ በምድር ገጽ ላይ ስለረበበ የመድረሻ ጊዜዬ ከተገቢው ሰዓት አኳያ ሁለንተናዊ ተጽዕኖ አረፈበት።» የመጀመሪያው አጋማሽ ከግጥም ምሽት የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ከስብሰባ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ለመሆኑ ዝናቡ ዘንቧል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዕንባ ብዬዋለሁ እኮ፤ ተለዋጭ ነው።»

«ደህና። እስቲ ከባድ ቃል ካማረሽ እኔ ልስጥሽ። ገበሬ የሚያርስበትን ዕቃ ጥሪልኝ።»

«ሞፈር… ቀንበር… ማረሻ።»

«ሌላስ?»

ሌላ የለም። እኔም አላገዝኳትም፤ ወደ ሰማይ ሳይ ነበር። የኔታ በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱበት፦ ድግር፣ ወገል፣ እርፍ፣ ምራን፣ ማነቆ። እያንዳንዱ የት እንደሚገባ፣ የቱ ሲላላ በሬው እንደሚንገላታ፣ የቱ ሲሰበር ቀኑ እንደሚባክን ነገሩን። ልዕለ ምናብ የምንለውን ቃል የምናውቅ ሰዎች ድግር ላይ ወደቅን። ለመዝገበ ቃላት የደከሙት ሊቃውንት እንዲህ ያለውንም ቃል ሳይንቁ ነው የለቀሙት። ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጡበት፤ ሳይታተም አረፉ። አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁትና በ1948 ወጣ። ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 አሳተሙ። ሦስት ትውልድ ሊቅ ቃል ሲለቅም የኖረው እኛ ማርፈዳችንን በክብር እንድንናገር አይመስለኝም። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው፤ በ1958 ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን የሚያህል የቅኔ ተማሪ ፈጥረው ሲያበቁ የሚተርኩልን ግን እሳት ዳር እንደተቀመጠ ሰው ነው። ከባድ ቃል አጥተው ነው የሚል ካለ ይቅረብ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የኔታ ልጅቷን አንድ ስንኝ ሠርታ እንድትመጣ አዘዟት። ግእዝ አይደለም፤ በአማርኛ፣ በወል ቤት፣ የቤት ጉዳይ ይሁን አሏት። ጣቷን እየቆጠረች አመሸች። እራት ላይ ቆጠረች። ሳህን ስታጥብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። በማግስቱ ይህን ይዛ ቀረበች፦

ደመወዝ መጣና፣ ብር እጄ ላይ ዋለ፤
ክንፍ አለው መሰለኝ፣ ሲመሽ ብር ብር አለ።

እኔ አጨበጨብኩ። ቀለሙ ልክ ነው፣ ቤት ይመታል፣ እውነትም ነው። የኔታ ፈገግ አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ። «ቀለሙ ደርሷል» አሉ። «ግን ክንፉን ለምን አሳየሽኝ? ‹ብር› ራሱ ሊበር ነበር፤ አንቺ ቀድመሽ ‹ክንፍ አለው› ስትዪ እኔ የማነድደው እሳት ምን ቀረኝ? ደግሞ ‹መሰለኝ› ምንድን ነው? ቅኔ የሚመስለው የለም፤ ወይ ነው ወይ ሌላ ነው። ክንፉን ነቅለሽ ነይ።»

አኮረፈች። ተነጻጻሪና ተለዋጭ ስትሸመድድ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ ከሳተች ኤክስ ነው፣ ካገኘች ራይት። ልክ ሆኖም ገና ያልደረሰ ነገር እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማችው። ወደ ቤት ስንመለስ «ሰውዬው ክንፍ ምን አደረጋቸው?» እያለች አጉረመረመች። ማታ ግን ደብተሯ ላይ የሰረዘችውን አየሁት፤ ገጹ አንድ ቀዳዳ እስኪያወጣ ድረስ ሰርዛለች። ይህ ግነት አይደለም።

እሑድ ባለቤቴ ቡና አፈላች። የኔታ መጡ። እትዬም፣ የቡና ሽታ ግቢ ውስጥ ማንንም ስለማያልፍ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡና ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። የኔታ ሁለተኛውን ሲኒ ሲቀበሉ ወደ ልጅቷ ዘወር ብለው «ምነው፣ የኔስ ዕዳ?» አሏት። ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። ምን ልትል እንደሆነ አላወቅኩም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እግሯን ልረግጠው ሞከርኩ፣ አልደረስኩበትም።

ደመወዝ ወጣና፣ ኪሴ ሞቆት ዋለ፤
አከራይ ሲመጣ፣ እጄ ላይ ብር አለ።

የኔታ ሲኒውን አስቀመጡ። «ይበል!» አሉ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። «ይበል! ድገሚው!» ደገመችው። «ኅብር ነው። እዚያው ቃል ላይ አለም፣ በረረም። ክንፍ የለ፣ ወፍ የለ!»

«አለም የለምም ከሆነ እኮ አያዎ ነው» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ በርቶ።

«ስሙን ተይው፤ ስምሽን አስጠርተሻል።»

እኔ ግን ዐይኔ እትዬ ላይ ነበር። እትዬ ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። ወርቁ ገብቷቸዋል፤ ለዚህ ማንንም ምስክር መጥራት አያስፈልገኝም፣ የከንፈራቸው ጠርዝ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ የዋህ ፊት ለበሱ።

«እስቲ የመጨረሻዋን ድገሚልኝ የኔ ልጅ። አከራይ ሲመጣ ምን አለ አልሽ?»

«እጄ ላይ… ብር አለ።»

«እሰይ! እሱ አንድዬ ያበርክትላችሁ። እኔማ ዛሬ ለቡናው ብቻ ነበር የመጣሁት፤ ካለማ ልቀበላ!» ብለው መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

የኔታ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የእህቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ምን ይባላል?»

«ኪራይ» አልኳት።